እንባን የሚንቁና እንባን የሚቸረችሩ

በቴሌቪዥን መስኮት ፊት ተቀምጦ የሚያለቅስ ሰው መሳቂያ ሆኖ መቈጠር ከጀመረ ውሎ አድሯል። የሚያለቅሰው ሰው ሴት ከሆነች፣ ያውም ጎልማሳ ከሆነች፣ ያውም ያስለቀሳት ትርኢት ከኮሪያ ወይም ከቻይና የመጣ ባለ ብዙ ክፍል የፍቅር ድራማ ከሆነ፣ ሳቁ እጥፍ ድርብ ይሆናል። «ላልሞተ ሰው ታለቅሳለች» ይባላል። «በሐሰት ታሪክ የእውነት እንባ ታፈሳለች» ይባላል። ይህን የሚለው ተራ አላፊ አግዳሚ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀልድ በታለፈ ነበር። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚስቀው ሐያሲው፣ መምህሩና የባሕል ሠራተኛው ነው። በሴኡል፣ በቶኪዮና በቤይጂንግ የታየው ይኸው ነው፤ አዲስ አበባም ከዚህ ነፃ አይደለችም።

ይህ ሳቅ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም። የሚስቀው ሰው ራሱን የርካሽ ኪነት ጠላት አድርጎ ይቈጥራል። ሌላው ተመልካች በገበያው ጣፋጭ ሲደነዝዝ እርሱ ብቻውን ነቅቶ እንደ ቆመ ያምናል። ሆኖም ጠጋ ብሎ ለተመለከተው፣ በተመልካቿ ላይ የሚስቀው ሐያሲና ከተመልካቿ እንባ ትርፍ የሚዝቀው ነጋዴ በአንድ ዐቢይ ነገር ላይ ተስማምተው ይገኛሉ። ሁለቱም እንባው ሐሳብ የለበትም ባዮች ናቸው። አንዱ ይስቅበታል፣ ሌላው ይቈጥረዋል፤ ምን እንደሚል ግን አንዳቸውም አያነቡትም።

በኢትዮጵያ ለቅሶ ቤት የተቀመጠች ሴት በጎረቤቷ ሬሳ ላይ የራሷን ሙት ብታለቅስ ማንም አስመሳይ አይላትም። አልቃሿ ግጥም ስታወርድ የምትጠራው የሟቹን ስም ነው፤ በዙሪያዋ ያሉት ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰው፣ የየራሳቸውን ያልተነገረ በደል ያስባሉ። ሌላው ሰው የሚሰጣቸው ሰበቡን ብቻ ነው። ይህን በለቅሶ ቤት ተቀብሎ በቴሌቪዥን ፊት ሲሆን የሚስቅ ሰው የሚስቀው በምኑ ላይ እንደሆነ ሊያስረዳ ይገባዋል።

የጃፓን ሴቶች ታሪክ ለዚህ ሁነኛ ማስረጃ ነው። ኬ.ቢ.ኤስ. የተባለው የኮሪያ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2002፣ ዩን ሶክ-ሆ ያዘጋጀውን «የክረምት ሶናታ» የተሰኘ ድራማ በ20 ክፍል አሳየ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የድራማው ክረምትም የበረዶ እንጂ የዝናብ ክረምት አይደለም።) በቹንቾን ከተማ የሚማሩ ሁለት ወጣቶች ይዋደዳሉ፤ ወጣቱ በመኪና አደጋ ሞተ ተብሎ ይለቀስለታል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ልጅቱ ሌላ ሰው ልታገባ ስትሰናዳ፣ መልኩ ቁርጥ ሟቹን የሆነ፣ እርሷን ግን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ከፊቷ ይቆማል። ሰውየው ራሱ ሟቹ ነው፤ የጠፋው ትዝታው ነው።

በመኪና መገጨት፣ ትዝታን ማጣት፣ መታወር፣ የከበርቴ ቤተሰብ ምሥጢር በኮሪያ ድራማ ዘንድ የዘወትር ስንቅ ነው። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው አድናቂዋ ናት። ሐያሲው አንድ ክፍል አይቶ ያገኘውን ጉድለት እርሷ ከአሥር ድራማ ሰብስባ ስታበቃ፣ እየሳቀች ቈጥራ ታስረዳዋለች። ቈጥራ ጨርሳም ታለቅሳለች። እንግዲህ የሚያስለቅሳት አለማወቋ አይደለም።

የጃፓኑ ኤን.ኤች.ኬ. ይህን ድራማ በ2003 በሳተላይት ጣቢያው አሳየው። ተመልካቾች ደጋግመው ስለ ጠየቁ በ2004 ወደ ዋናው ጣቢያ አመጣው፤ የመደበለት ሰዓት ግን ቅዳሜ ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ነበር። በዚያ ሰዓት፣ የመጨረሻው ክፍል ሲታይ፣ በቶኪዮ አካባቢ ከመቶው ቤት ከ20 በላይ የሚሆነው ይከታተል ነበር። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የድራማው መሪ ተዋናይ ቤ ዮንግ-ጁን ናሪታ አውሮፕላን ጣቢያ ሲደርስ 3500 ያህል ሰዎች ጠበቁት፤ አብዛኞቹ ጎልማሳ ሴቶች ነበሩ። ጃፓናውያቱ «ዮን-ሳማ» ብለው ሰየሙት፤ «ሳማ» ከፍ ላለ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት ቅጥያ ነው። ከጥቂት ቀንም በኋላ ባረፈበት ሆቴል ደጅ በተነሣ ግፊያ አሥር ያህል ሴቶች ተጎዱ። ከዚያ ወዲያ የቀልደኞች መጽሔት ሁሉ ሲሳይ አገኘ። ባሏን ትታ በፎቶግራፍ የምትነፋረቅ አሮጊት የወቅቱ ካርቱን ሆነች።

ከቀልዱ ጀርባ የነበረውን ነገር ለማየት የፈለገ ጥቂት ነው። እነዚያ ሴቶች በአብዛኛው ባል ከመሥሪያ ቤት እስኪመለስ በመጠበቅ፣ ልጅን ለፈተና በማብቃት፣ አማትን በማስታመም ዕድሜያቸውን የገፉ ናቸው። በድራማው ያገኙት ወንድ የሚያዳምጥ ወንድ ነው። ሴቲቱ ስትናገር አንገቱን አዘንብሎ ይሰማል፤ ሲያለቅስም ፊቱን አይሰውርም። በተጨማሪም በወጣትነት የጠፋው ነገር በጎልማሳነት በር አንኳኩቶ ሊመለስ እንደሚችል፣ ሲመለስ ግን ባለቤቱን ላያውቃት እንደሚችል ድራማው ያሳያል። ይህን አይታ ያለቀሰች የሃምሳ ዓመት ሴት ስለ ራሷ ሕይወት አንድ ብያኔ ሰጥታለች። ብያኔውን በቃል ብትናገረው ቤቷ ይናጋ ነበር፤ በእንባ ስለ ተናገረችው ግን ተሳቀባት።

ሴቶቹ በእንባው ላይም አልቆሙም። ብዙዎቹ የኮሪያን ፊደል መማር ጀመሩ፤ የኤን.ኤች.ኬ. የኮሪያ ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ሽያጭ በእጅጉ ጨመረ። ቹንቾንና የናሚ ደሴት የተጓዥ መዳረሻ ሆኑ። (ይህች ቹንቾን ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለችም። ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ ጦር ሜዳ የተሰለፈው የቃኘው ሻለቃ መታሰቢያ ሐውልት በ1968 የቆመው በዚያችው ከተማ ነው። አንዱ እንግዳ በእውነት ለሞተ ወታደር፣ ሌላዋ እንግዳ ላልተወለደ ገጸ ባሕርይ ቆመው የሚያስቡባት ከተማ ናት፤ ለሁለቱም ቦታ አልጠበባትም።) ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 በቅኝ ግዛት የገዛች አገር መሆኗ፣ በጃፓን የሚኖሩ ብዙ የኮሪያ ተወላጆችም ለረጅም ዘመን ስማቸውን በጃፓንኛ ለውጠው ለመኖር መገደዳቸው ሲታሰብ፣ የአንዲት የቤት እመቤት የኮሪያን ፊደል ለመቍጠር መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። ድራማው የቅኝ ግዛትን ቍስል ፈወሰ ማለት ግን አይደለም። በ2011 በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች በቶኪዮ ፉጂ ቴሌቪዥን ደጅ ወጥተው የኮሪያ ድራማ በዛብን ሲሉ ተሰልፈዋል። ቢሆንም ባለሥልጣናት በመግለጫ ያልደረሱበት ሥፍራ ላይ የቅዳሜ ሌሊት እንባ መድረሱ አይካድም።

የኮሪያ ሐያስያን ደግሞ የሚስቁበት የራሳቸው ቃል አላቸው። «ሺንፓ» ይላሉ፤ ትርጕሙ ዛሬ ያረጀ፣ የተጋነነ፣ እንባ ጠምዛዥ ማለት ነው። የቃሉ ታሪክ ግን ሳቂውን ራሱን ያሳፍራል። ሺንፓ በጃፓን «አዲሱ ፈለግ» የተባለ የቴአትር ስልት ነበር፤ ከቅኝ ገዥው ጋር ወደ ኮሪያ ገባ። በ1913 ጆ ጁንግ-ህዋን የጃፓናዊውን የኦዛኪ ኮዮን ልብ ወለድ ወደ ኮሪያ ሕይወት መልሶ «ጃንግ ሃን-ሞንግ» በሚል ርእስ በጋዜጣ በተከታታይ አወጣው። ድኻ ተማሪ እጮኛዋን ለባለጸጋ ብላ የተወች ሴት ታሪክ ነው። አገሩ የተወሰደበት ሕዝብ በመድረክ ላይ ለተከዳ ወጣት አለቀሰ። ስለ ተወሰደው አገር በግልጽ ማልቀስ በማይቻልበት ዘመን ስለ ተወሰደችው እጮኛ ማልቀስ ይቻል ነበርና። ያ እንባ በ1913 ከቶኪዮ ወደ ሴኡል ተሻገረ፤ ከዘጠና ዓመት በኋላም ከሴኡል ወደ ቶኪዮ ተመለሰ። ባለ አእምሮ ሐያሲ ይህን መንገድ ይከታተላል እንጂ ቃሉን እንደ ድንጋይ አይወረውርም።

ወደ ቻይና ሲሻገሩ ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም እዚያ እንባውን ለመተርጐም ከነጋዴው በፊት የደረሰው መንግሥት ነው። በቤይጂንግ የቴሌቪዥን ኪነጥበብ ማእከል የተሠራው፣ በ1990 መጨረሻ በመላ አገሪቱ መታየት የጀመረው «ኬዋንግ» (በአማርኛ «ናፍቆት» ሊባል ይችላል) 50 ክፍል ያለው፣ አብዛኛው በቤት ውስጥ መድረክ የተቀረጸ ድራማ ነው። በሚታይበት ሰዓት ጎዳናው ጭር ይል እንደ ነበር በዘመኑ ተጽፏል። ታሪኩ በባሕል አብዮት ዘመን ይጀምራል። ሊዩ ሁዊፋንግ የተባለች የፋብሪካ ወዛደር ሁለት ወንዶች ይፈልጓታል፤ አንዱ አብሯት የሚሠራው ሶንግ ዳቼንግ፣ ሌላው ቤተሰቡ በዘመኑ የተረገጠበት የተማረው ዋንግ ሁሼንግ ነው። ለተረገጠው አዝና ሁለተኛውን ታገባለች። የተጣለች ሕፃን ከመንገድ አንሥታ እንደ ልጇ ታሳድጋለች። ዘመን ሲለወጥና የባሏ ቤተሰብ ወደ ቀድሞ ክብሩ ሲመለስ ባሏ ይተዋታል። ያሳደገቻትም ልጅ ሁዊፋንግን ዘወትር ስትንቅ የኖረችው የባሏ እኅት፣ የሐኪሟ የዋንግ ያሩ፣ የጠፋች ልጅ ሆና ትገኛለች። ሁዊፋንግ በአደጋ የአልጋ ቍራኛ ሆና ልጅቱን ለእናቷ ታስረክባለች።

ይህን ድራማ አይቶ የቻይና ሕዝብ አለቀሰ። በጥር 1991 የኮሚኒስት ፓርቲው የርእዮተ ዓለም ኃላፊ ሊ ሩዊህዋን ሠራተኞቹን ተቀብለው አመሰገኑ፤ ሥራውም ለሌሎች አርአያ ተደርጎ ታየ። በ1989 በቲያንአንመን አደባባይ ደም ከፈሰሰ ገና ዓመት ከመንፈቁ ነበር፤ ዝም ብላ የምትችል፣ የበደላትን የማትበቀል ሴት በዚያ ወቅት ለባለሥልጣን ምን ያህል እንደምትመች መናገር አያሻም። በሌላው ወገን ምሁራኑ ተቈጡ። የተማረው ሰው ለምን ደካማና ከሐዲ ሆኖ ተሣለ ብለው ጠየቁ፤ በሕዝቡም እንባ ላይ አላገጡ። እንዲህ ሆኖ ባለሥልጣኑ «ሕዝቡ ያለቀሰው ለትዕግሥት ነው» አለ፣ ምሁሩ «ሕዝቡ ያለቀሰው ስላልነቃ ነው» አለ።

ሕዝቡ ራሱ ምን አለ? በዚያን ጊዜ በሃንግዦው ከተማ ጥናት ላይ የነበረችው አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብ ምሁር ሊሳ ሮፌል በ1994 ባሳተመችው ጽሑፍ እንዳሳየችው፣ ተመልካቹ በአንድ ድምፅ አልተናገረም። ሁዊፋንግን እንደ መልካም ሰው ምሳሌ የሚያደንቋት ነበሩ። ይህን ያህል መሥዋዕትነት ለምን፣ ለማን ብለው የተበሳጩባትም ሴቶች ነበሩ። በፋብሪካ፣ በጎረቤት፣ በማዕድ ዙሪያ ክርክር ሆነ፤ ማግባት የነበረባት ማንን ነው፣ ልጅቱን መመለስ ነበረባት ወይ፣ ሁሉን ይቅር ማለት ደግነት ነው ወይስ ሽንፈት? ከ1966 እስከ 1976 በነበረው መከራ ማን ማንን እንደ ከዳ በአደባባይ ያልተጣራለት ሕዝብ ጉዳዩን በአንዲት ወዛደር ትዳር ላይ አቅርቦ ተሟገተ። እያለቀሱ መሟገት እንደሚቻል የተረሳው በመጽሐፍ ብቻ ለሚሟገቱ ሰዎች ነው።

ባለሥልጣን በእንባ ላይ የሚያዝዝበት ልማድ በዚያ አላበቃም። በ2018 «የያንሺ ቤተ መንግሥት ታሪክ» 70 ክፍል ሙሉ ብዙ ሚሊዮን ተመልካች ካንበረከከ በኋላ፣ በ2019 መጀመሪያ የቤይጂንግ ዕለታዊ ጋዜጣ የቤተ መንግሥት ድራማዎች ቅንጦትንና ተንኮልን ያስተምራሉ ብሎ ጻፈ፤ ወዲያው ከየጣቢያው ተነሡ። በ2021 ደግሞ ሴት መሰል የተባሉ ወንድ ተዋንያን በቴሌቪዥን እንዳይታዩ ተከለከለ። ክልከላው ተመልካቿን ለምን ወደደቻቸው ብሎ ሳይጠይቅ መውደዷን ጥፋት አደረገው።

ነጋዴው ከዚህ ሁሉ የተሻለ ይመስላል፤ ቢያንስ አይሰድብም። የሚሠራው ሥራ ግን ስድብ ነው። በ2004 መጨረሻ «የክረምት ሶናታ» ለጃፓንና ለኮሪያ ያስገኘው ጥቅም ከ200 ቢሊዮን የን በላይ ሆኖ ተሰላ፤ ከዚያ ወዲህ የጎልማሳ ሴት እንባ በሚዛን የሚገባ ሸቀጥ ሆነ። የቻይናው ቴንሰንት በ2019 «ቼን ቺንግ ሊንግ» የተባለውን ድራማ ሲያሳይ፣ ወርኀዊ ክፍያቸውን የከፈሉ ተመልካቾች የመጨረሻዎቹን ስድስት ክፍሎች ቀድመው ለማየት 30 ዩአን እንዲጨምሩ ጠየቀ። የተሸጠው ድራማው ሳይሆን የተመልካቿ አለመታገሥ ነው፤ ለቅሶ ቤት ደጅ ላይ ቆሞ ቀረጥ እንደ መሰብሰብ ያለ ነገር ነው። ተመልካች ሁሉን ይውጣል የሚል ግን ተሳስቷል። አንድ ተመልካች በሌላ ድራማ ላይ ይህንኑ ያደረገውን አይቺዪ የተባለ ድርጅት ከሶ፣ የቤይጂንግ የኢንተርኔት ፍርድ ቤት በ2020 ፈርዶለታል። በ2021ም ታላላቆቹ ድርጅቶች ይህን ልማድ ለመተው ተገደዋል። እንግዲህ ምሽት የሚያለቅስ ሰው በማግሥቱ መብቱን ሊጠይቅ ይችላል።

ነጋዴው ከተመልካቿ አጥብቆ የሚሰውረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የመብራት ያዥውና የረዳት አዘጋጁ ፊት ነው። በኮሪያ ለረጅም ጊዜ ድራማ የሚቀረጸው በሚታይበት ሳምንት ነበር። የጽሑፉ ገጽ በቀረጻው ዕለት በቍርጥራጭ ለተዋንያን ይታደል ነበር፤ ተመልካች ሲበዛ ክፍል ይጨመር፣ ገጸ ባሕርይ ሲወደድ ሞቱ ይዘገይ ነበር። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ሌሊቱን ቆሞ የሚያድረው ሠራተኛ ነው። በ2016 አንድ ወጣት ረዳት አዘጋጅ በሠራተኞች ላይ የሚደርሰውን በደል የሚያወግዝ ጽሑፍ ትቶ ሕይወቱን አጠፋ። ቤተሰቡና የሥራ ጓደኞቹ ተሟገቱ፤ ድርጅቱ በ2017 ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2018 በስሙ የመገናኛ ብዙኃን ሠራተኞች የመብት ማእከል ተቋቋመ። ለልብ ወለዱ ሟች ያለቀሰችው ተመልካች ለዚህ ሟች የማታለቅስበት ምክንያት የለም፤ ሳይነገራት ቀርቶ እንጂ። ሊነግራት ይገባ የነበረው ሐያሲ በዚያ ሰዓት እንባዋን እየቀለደበት ነበር።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ክርክር የተነሣው ከኮሪያና ከቻይና ይልቅ በቱርክ ድራማ ሰበብ ነው። በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ማቅረብ ሲጀምር የአገር ውስጥ ተዋንያንና የፊልም ባለሙያዎች ተቃውሞ አሰሙ። የእንጀራ ጥያቄያቸው እውነተኛ ነበር። የሌላውን አገር ድራማ ድምፅ ለውጦ ማሳየት ጸሐፊ፣ ተዋናይና መድረክ ቀጥሮ ከመሥራት እጅግ ይረክሳል፤ እንዲህ ካለ ተፎካካሪ ጋር ያለ ድጋፍ ተወዳደር መባል ፍርደ ገምድልነት ነው። ይሁንና ከዚህ ተገቢ ጥያቄ ጎን ሌላ አነጋገር ተቀላቀለ። ባዕድ ድራማ የምታይ እናት ባሕሏን እንደ ጣለች፣ ልቧም እንደ ተሰረቀ ንብረት ከእርሷ ተወስዶ ሊመለስ እንደሚገባው ሆኖ ይነገር ጀመር። የእናትየዋ ልብ ግን የማንም ማኅበር ንብረት አልነበረም። ወደ ባዕዱ ድራማ የሄደችው በእግሯ ነው፤ በእግሯ የሄደችበትን ምክንያት ደግሞ አሳምራ ታውቃለች።

ምክንያቷን የሚያውቅ ጸሐፌ ተውኔት ግን ብዙ አይደለም። ሥራ ፈት ተብላ የተጠረጠረችው እናት ከቡና ጀበናው ሥር የአሥራ ሁለት ገጸ ባሕርያትን ዝምድና ሳትሳሳት ትዘረዝራለች፤ የትኛው ይቅርታ ከልብ እንደሆነ፣ የትኛው ለርስት እንደ ተባለ ለጎረቤቷ ታስረዳለች። ይህን ያህል የምትመረምር ተመልካች ያላት አገር ደራሲ አጣሁ ሊል አይችልም፤ ጠያቂ አጣ እንጂ። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደየእናቶቻቸው ልኮ፣ ጸሐፌ ተውኔቱም አዲስ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ምሽት ከጎናቸው ተቀምጦ ሊጠይቃቸው ይችላል። ጥያቄው ከባድ ጥናት የሚፈልግ አይደለም፤ «እማማ፣ ትናንት ማታ ያለቀሱት የቱ ጋ ሲደርስ ነው?» ብሎ መጀመርና መልሳቸውን እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ነው።